ጽጌን የረሳሁበት መንገድ

ሚስቴን በረሃ ላይ ጥያት ሄጃለሁ። ይህን ራሴው የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ጎሮ ሰፈራችን ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ስለገባ ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ የሚወራው ተጣልተን አውርጃት እንደሄድኩ ነው። ፀጉር ቤቱ ጋ ደግሞ ጅብ ሊበላት ሲል ግመል ነጂዎች እንዳዳኗት ይተረካል። ጅብ አልነበረም። ጠቡም ቢሆን ያን ያህል አልነበረም። የሆነው ለሰሚው ከዚህ ያነሰ፣ ለእኔ ግን ከዚህ የከፋ ነገር ነው። ረሳኋት። ሰው ጃንጥላ እንደሚረሳው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። እኔ የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴ ነኝ። ለሰው መተኛ እየሸጥኩ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ጽጌ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ያለችን አንድ ልጅ ሜሮን ናት። ባለፈው ዓመት አግብታ ባሏን ተከትላ ባህር ዳር ገባች። ሠርጉ ላይ እንደ ሰው ጨፈርኩ፣ እንደ አባት አለቀስኩ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ወንበሩ ተመልሶ ሲያልቅ ወደ ቤት ገባሁ። ቤታችን ስንት ክፍል እንዳለው በደንብ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔና ጽጌ አልተጣላንም። ብንጣላ ጥሩ ነበር፤ የሚጣላ ሰው ቢያንስ ይነጋገራል። የእኛ ንግግር ስለ ውሃ ብቻ ሆነ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ርዕስ አይጠፋም። መጣች ወይ እላታለሁ፣ አልመጣችም ትለኛለች። በመጣች ቀን ደግሞ ሁለታችንም ባልዲ ይዘን ስለምንሯሯጥ ለወሬ ጊዜ የለም። ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ። ጽጌ ጓዳ ትገባለች። ጓዳ ውስጥ ምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ ለሁለት ሰው ያን ያህል የሚሠራ የለም።

አንድ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ፍራሽ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ ሁለት ሽበታም ፈረንጆች አገኘሁ። ባልና ሚስት ናቸው። አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ውስጥ እየኖሩ በረሃ ለበረሃ፣ ፓርክ ለፓርክ ይዞራሉ። ከኋላቸው ቀይ ድንጋይ ሰማይ ድረስ ተከምሯል። እኔን የገረመኝ ግን ድንጋዩ አልነበረም፤ ሰዎቹ ያወራሉ። ሴትየዋ እንቁላል እየጠበሰች ታወራለች፣ ሰውየው ካርታ ገልብጦ ይዞ ያወራል፣ ይሳሳቃሉ። ቋንቋቸውን አልሰማም። ስለ ውሃ እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል።

በሳምንቱ ታክሲነት ሰልችቶት የቆመ አሮጌ ሚኒባስ ገዛሁ። ወንበሮቹን አስነቅዬ ትንሽ ምድጃ አስገባሁ፤ ከሱቄም አንድ ፍራሽ አመጣሁ። ነጋዴ የራሱን ዕቃ መለካት አይወድም፤ ፍራሹ ሰፋ። በግድ ተጠቅጥቆ ሲገባ አንዱ ጎኑ ግድግዳው ላይ ስለተቆለመመ፣ በዚያ በኩል የሚተኛ ሰው ገንዳ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ መጋረጃ ተሰቀለ። የሰፋችልን ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤታችን ናት፤ ፀሐይ እንዳያስገባ ብላ ብርድ ልብስ የሚያህል ጨርቅ ደርባ ነው የሰፋችው። ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ላይ የውሃ ጀሪካኖች አሰርን።

ሐሳቡን ለጽጌ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። አዋሽ ፓርክ ገብተን ፏፏቴውን እንደምናይ፣ ከዚያ ወደ አፋር ወረድ ብለን አላይደጌ ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ እንደምናይ አስረዳኋት። እግረ መንገዳችንን እንድናወራ ነው አላልኳትም። እንዴት እላታለሁ? ለማውራት ሳሎን አለን። ምስሯን ለቅማ ጨርሳ የጠየቀችኝ ስለ ሽንት ቤቱ ብቻ ነው። ተፈጥሮ ሰፊ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ምስሩን ይዛ ተነሳች። በማግስቱ ግን ሾላ ገበያ ሄዳ በሶውን፣ ጭኮውን፣ ድርቆሹን፣ ሚጥሚጣውን ተሸክማ መጣች። አንድ ጦር ሠራዊት ልታበላ የተነሳች ትመስል ነበር። እኔም ደስ አላት ብዬ አሰብኩ፤ ጽጌ ሐሳቧን በስንቅ ነው የምትገልጸው።

መከራችን የጀመረው ከሰፈር ሳንወጣ ነው። ጎሮ አደባባይ ስንደርስ ጽጌ ሙዝ ልግዛ ብላ ወረደች። መኪናውን ነጭ አስቀብቼው ነበር፤ ቀቢው አንድ እጅ ብቻ ስላሳለፈበት ከሥሩ የታክሲው ሰማያዊ ብቅ ይላል። ጠዋት ታክሲ የቸገረው ሰው ደግሞ ጥቂት ሰማያዊ ካየ አይጠይቅም። በሩ ተከፈተና አንዲት እናት ቱሉ ዲምቱ ነው አይደል ልጄ ብለው አልጋችን ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካ ወጣት ገብቶ ምድጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እግሩ የታሰረ ዶሮ የያዘች ሴት ገባች። ወንበሩ የት ሄደ ያለ የለም። አልጋው ለምን መጣ ያለም የለም። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ መቀመጫ ካገኘ ታሪኩን አይመረምርም።

ጽጌ ሙዟን ይዛ ስትመለስ ቤቷ በእንግዳ ተሞልቶ ጠበቃት። ታስወርዳቸዋለች ብዬ ነበር፤ ሙዙን አደለቻቸው። ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ እኚያ እናት ሊጠይቁ ስለሚሄዱት አራስ፣ ስለ ሕፃኑ ስም፣ በስሙ ምክንያት በሁለቱ አያቶች መካከል ስለተነሳው ጠብ ተረኩ። ጽጌ ከልቧ ሳቀች። ሳቋን በመስታወት እያየሁ ከፊቴ የነበረውን ባጃጅ ልገጨው ነበር። ሰዎቹ ረዳቱ የት አለ ብለው ፈልገው ሲያጡ መርቀውን ወረዱ። በሩ ሲዘጋ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጽጌ አልጋው ላይ የወደቀውን የዶሮ ላባ በመስኮት ጣለች። ሞቀ አልኩ። ገና ነው አለችኝ።

ከመተሐራ በኋላ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ በሩን ከፍቶ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መጋረጃውንና ጽጌን በየተራ አየ። ኮንትሮባንድ ለመፈለግ ፍራሹን ገለጥ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቤት ነው አልኩት። ቤታችሁ የት ነው አለ። ጎሮ አልኩት። ትንሽ አሰበና ፊቱ ተለወጠ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቤታችሁ ፈርሶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልፈረሰም፣ እንዳለ ነው አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም። አይዟችሁ ብሎ አሳለፈን። ሰውየው ሲያዝንልን፣ ያሰበው እውነት ይመስል ለምን እንደከበደኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ፓርኩ ውስጥ ጥበቃው ዝንጀሮ ስላለ መስኮት እንዳንከፍት ነግሮን ነበር። ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ፍራሹ አየር እንዲያገኝ ብዬ የኋላውን መስኮት ገርበብ አድርጌ ፏፏቴውን ልናይ ወረድን። አዋሽ ቡናማ ሆኖ፣ እየተንደረደረ፣ ገደሉ ውስጥ ይገባል። ጎን ለጎን ቆመን አየነው። ፎቶ የሚያነሳን ሰው ስላልነበረ እጄን ዘርግቼ ራሴ አነሳሁ። ፎቶው ላይ የእኔ ግንባርና የጽጌ ትከሻ ወጥቷል፤ ፏፏቴው የለም።

ስንመለስ አንድ ግዙፍ ወንድ ዝንጀሮ ፍራሼ ላይ ተጋድሞ በሶ ይበላል። ፊቱ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። እንደ ነጋዴ ልናገር፤ ፍራሼ ላይ በዚያ ምቾት የተኛ ደንበኛ አይቼ አላውቅም፣ በተቆለመመው በኩል ነበር ደግሞ። ቤተሰቦቹ ጭኮውንና ድርቆሹን ይዘው መንገድ ጀምረዋል። እንደምንም አባረርነው። ሚጥሚጣው ብቻ ተረፈን። ጽጌ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትጮህብኝም ፈልጌ ነበር። እሷ መኪናውን ጠርጋ፣ አንሶላውን አራግፋ ጨረሰችና «ልተኛ ነው» ብላ መጋረጃውን ጎተተችው። እንቅልፍ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሞተሩን አስነሳሁና ወደ አላይደጌ መንገድ ያዝኩ። አዋሽ ከተማን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ይንገጫገጭ ጀመር። የጀሪካኖቹ ገመድ ላልቷል። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ጎማው ላይ ወጥቼ እየተሳደብኩ አሰርኩት፣ ወረድኩ፣ ነዳሁ። ጽጌ በዚያች መሐል በኋላው በር ወርዳ ሰፊ ነው ባልኳት ተፈጥሮ ውስጥ ቁጥቋጦ ፍለጋ ሄዳለች። ተኮራርፈን ስለነበር አልነገረችኝም። እኔም ተኮራርፈን ስለነበር አልጠየቅኩም።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኝ ደረቅ ሣር፣ ግራር፣ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ የሚያርገበግበው ባዶ። ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች አልፎ አልፎ እየተወናጨፉ ሲያልፉ ቤታችን ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ባለ መንገድ ሰው ወይ ይዘፍናል ወይ ይናገራል። እኔ ድምፅ የለኝም። ስለ መስኮቱ ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ መልስ የለም። አለመመለሷ አልገረመኝም፤ እንዲያውም አደፋፈረኝ። ፊቷን ሳላይ መናገር ቀለለኝ።

ያልነገርኳት አልቀረም። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ቶሎ ወደ ቤት እንደማልመጣ፣ መብራቱን አጥፍቼ ፍራሾቹ መሐል እንደምቀመጥ ነገርኳት። ቴሌቪዥኑን ከፍ የማደርገው ልሰማው ሳይሆን የሜሮን ክፍል ዝምታ ሳሎን ድረስ እንዳይመጣብኝ እንደሆነ ነገርኳት። ሜሮን ስትደውል ስልኩን ለእሷ ቶሎ የማቀብለው ድምፄ እንዳያስታውቅብኝ ነው አልኳት።

«ጽጌ፣ ሱቅ ስቀመጥ ብቻዬን ነኝ፤ እሱን እችለዋለሁ» አልኩ። «ቤት ስመጣ ግን ሁለት ብቸኞች እንሆናለን። እሱ ነው የከበደኝ።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ራሴንም ገረመኝ። ዓይኔ ስለረጠበ የፊት መስታወቱን መጥረጊያ አስነሳሁ፤ አልጠቀመኝም። ከዚያ ጠየቅኳት። አንቺስ አልኩ። አንቺ ምን ይሰማሻል? መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ስለነበር ጠበቅኩ። ከባድ መኪና አለፈ፣ ጸጥ አለ። እንደገና ጠየቅኩ። ቢያንስ ትገላበጣለች፣ ቢያንስ ትተነፍሳለች ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ዳር ይዤ ቆምኩና መጋረጃውን ገለጥኩት።

አልጋው ላይ ነጠላዋና ስልኳ ነበሩ።

መጀመሪያ አልጋው ሥር አየሁ። ምንም ሥር የለውም፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። ቢሆንም አነሳሁት። ከዚያ የኋላው በር በደንብ እንዳልተዘጋ አየሁና ሁሉም ነገር ገባኝ። ቀጥሎ የተሰማኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከፍርሃቱ በፊት የመጣው እፍረት ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የነበረውን ጸጥታ የጽጌ ነው ብዬ ተቀብዬው ነዳሁ። ዝም ስትል እና ጨርሶ ሳትኖር፣ ለእኔ ልዩነት አልነበረውም ማለት ነው።

መኪናውን በጠባቡ መንገድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ አዞርኩት፤ የሚመጣው ሁሉ ክላክሱን አስጮኸብኝ። የት እንደቆምኩ ግን አላውቅም። ግራር ሥር ነበር። አላይደጌ ላይ ደግሞ ግራር ያልሆነ ዛፍ አላየሁም። በየግራሩ ቆምኩ፣ በየግራሩ ወርጄ ጽጌ ብዬ ተጣራሁ። ተራራ ቢሆን ድምፄን ይመልስልኝ ነበር። ሜዳ አይመልስም፤ ይወስደዋል። የእኔ ስልክ ኔትወርክ የለውም፤ ቢኖረውስ ለማን እደውላለሁ? ስልኳ እጄ ላይ ነው። ለሜሮን ደውዬ እናትሽን የት እንዳስቀመጥኳት ጠፋብኝ ልላት ነው?

አንዱ ግራር ጋ ስቆም የሜዳ አህዮቹ መንገድ ዳር ነበሩ። ቀጫጭን መስመር ያላቸው፣ ጆሯቸው ክብ፣ ቀና ብለው የሚያዩኝ። ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ለእነሱ ነበር። ወደ ጎኔ ዞር ብዬ ተመልከቺ ልል አፌን ከፈትኩ። ጎኔ ማንም የለም። አፌን ገጠምኩና ወደ መኪናው ሮጥኩ፤ እነሱም በሌላ አቅጣጫ ሮጡ።

በመጨረሻ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አዝኖልኝ ቆመ። «ጋሼ፣ የጠፋብዎት ዕቃ ነው ሰው?» አለኝ። ሰው ነው አልኩት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ጠየቀኝ። ባለቤቴ ናት ስለው ጋቢናው ውስጥ ያለው ጓደኛው ወደ ሌላ ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሾፌሩ ግን ሳይስቅ ነገረኝ፤ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት ወደኋላ፣ ፍየሎች ባሉበት፣ ከአንዲት አፋር ሴትዮ ጋር ተቀምጣ አይቷል። ወተት ሳትጠጣ አልቀረችም አለ።

እውነትም ነበረች። ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለ ግራር ሥር ምንጣፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንዲት ሸምገል ያለች ሴት አለች። ስሟ ሐሊማ እንደሆነ ጽጌ በኋላ ነግራኛለች። መኪናውን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ተጠጋሁ። ልጠራት ስል ድምፅዋን ሰማሁና ቆምኩ።

ጽጌ ታወራ ነበር። በእጇ እያሳየች፣ ጉልበቷን እየመታች ታወራለች። አማርኛዋን ሐሊማ አትሰማም። ሐሊማ ራሷን ነቅንቃ በአፋርኛ ረዘም ያለ ነገር ትመልስላታለች። ጽጌ አፋርኛ አትሰማም። «እኮ!» ትላታለች። ከዚያ ትቀጥላለች። ሱቁን ዘግቶ እንኳ ቶሎ አይመጣም ትላለች፤ ሲመጣም ፊቱን አይቼ ምን ልበለው፣ ስለ ውሃ እነግረዋለሁ እንጂ። ጓዳ ገብቼ የታጠበውን ሰሃን መልሼ አጥባለሁ ትላለች። እንዲህ ስትል ሁለቱም ተሳሳቁ። ሐሊማ በምን እንደሳቀች አላውቅም፤ ምናልባት የሷም ባል ስለ አንድ ነገር ብቻ የሚያወራ ይሆናል።

ቆሜ ቀረሁ። ከመድረሴ ይልቅ መመለስ ይሻል ይሆን ብዬም አሰብኩ። እንዲህ ስታወራ ካየኋት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም፤ ልክ ስታየኝ እንደምታቆም ግን አውቅ ነበር። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ዞር አለች። አቆመች።

መጣህ አለችኝ። መጣሁ አልኳት። አልተቆጣችም። ትመጣለህ ብዬ ነበር፣ ግን ቆየህ አለችኝ። ሐሊማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ለጽጌ አንድ ነገር ተናገረች። ጽጌ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ስለ እኔ እንደተስማሙ ገባኝ፤ በምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ሐሊማ በእንጨት ዕቃ ወተት ሰጠችኝ፤ የጭስ ጣዕም አለው። ቆሜ ጠጣሁ። ጽጌ ቀይ ሻርፗን ከራሷ ፈታ ለሐሊማ አለበሰቻት። ተቃቅፈው ተለያዩ። በተለያየ ቋንቋ ብዙ ተባባሉ፤ እኔ ከሁለቱም ያገኘሁት የለም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጽጌ የኋላውን በር ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ዘጋችውና ዞራ ገብታ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ስልኳን ሰጠኋት። ፊታችንን ወደ አዋሽ፣ ወደ ቤት አዞርን። የሜዳ አህያ አየህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አየሁ አልኳት። እንዴት ናቸው አለች። ቀና ብለው ያያሉ አልኳት። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አልመጣልኝም።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ብቻዬን ስነዳ ምን ሳደርግ እንደነበር ጠየቀችኝ።

«ሳወራ ነበር» አልኳት።

«ከማን ጋር?»

«ካንቺ ጋር።»

ወደ እኔ ዞረች። ስቃ ታልፈዋለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «እስቲ ምን አልከኝ?» አለች።

ያን ሁሉ ነገር ልደግምላት አሰብኩ። ፍራሾቹን፣ መብራቱን፣ ስልኩን። ለባዶ አልጋ ያለ ችግር ወጥቶ የነበረው ቃል አሁን፣ ባለቤቱ ስትመጣ፣ አንዱም የለም። ፊቷ ቅርብ ነው፤ የወተቱ ነጭ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ደርቋል። ማርሽ ቀየርኩ። መቀየር አያስፈልገውም ነበር።

«ቤቱ ሰፋብኝ» አልኳት። የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

ከፊታችን ያለውን መንገድ እያየች «እኔንም» አለች።

አዋሽ እስክንደርስ ሌላ አልተነጋገርንም። ጽጌ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ዝምታው ቤታችን ካለው አይለይም፤ ተለየ ብል ዋሸሁ። እኔ ግን በየመታጠፊያው፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይም ጭምር፣ ዞር እያልኩ መኖሯን አየሁ። አለች።